ሶስት ሀገር በእግር፦ የባልካኑ መንገድ የያዘውና ያፈሰሰው

192 ኪሎ ሜትር ነው። ከአልባኒያ ትነሳለህ፣ ኮሶቮ ትገባለህ፣ ከዛ ሞንቴኔግሮ፣ ከዛ ዞረህ የጀመርክበት መንደር ትመለሳለህ። ብዙ ሰው በ10 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል፣ እና በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ፓስፖርትህ ላይ ማህተም የሚመታልህ አንድም ሰው አታገኝም። ድንበሩ ማለት ብዙ ቦታ ላይ የተተከለ ድንጋይ ነው በቃ፣ ከድንጋዩ ወዲህም ወዲያም ያው በግ ነው።

መንገዱ ፒክስ ኦፍ ዘ ባልካንስ ይባላል። በፈረንጆቹ 2012 ተከፈተ፣ በዓመቱ 2013 ላይ የዓለም የጉዞና ቱሪዝም ካውንስል ቱሪዝም ፎር ቱሞሮው የሚባለውን ሽልማት ሰጠው፣ ከዛ በኋላ ኃላፊነት የሚሰማው ቱሪዝም በተወራ ቁጥር ስሙ ይነሳል። ሲነሳ ግን ሁሌ "ህዝብ ለህዝብ አቀራረበ፣ ሰላም አመጣ" በሚለው በኩል ነው። ይሁን፣ አልቃወምም፣ ግን ለኔ መንገዱን እስካሁን ደህና አድርገው የያዙት ሁለት በጣም አሰልቺ ነገሮች ናቸው፣ አንዱ የድንበር ፍቃድ ወረቀት ሌላው ደሞ የአልጋ ብዛት። ሁለቱ የላሉበት ቦታ ላይ ነው ነገሩ መበላሸት የጀመረው።

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ተራሮቹ በአልባንኛም በስላቮቹ ቋንቋም የተረገሙ ተራሮች ነው የሚባሉት፣ ትልቁ ጫፍ ዬዘርሳ 2,694 ሜትር ነው። ለሀበሻ ይሄ ቁጥር ያስቃል፣ መንገዱ ራሱ ከፍ ካለ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ ማለትም አዲስ አበባ ሰፈርህ ውስጥ ቆመህ ማለት ነው። ግን አትሸወዱ፣ ዝቅተኛው ቦታ 670 ሜትር ነው፣ አንዳንድ ቀን በአንድ ጠዋት 1,000 ሜትር ሽቅብ ትወጣና ከሰዓት ያንኑ በጉልበትህ ትወርደዋለህ፣ በረዶው ደሞ አንዳንድ የተራራ በር ላይ እስከ ሰኔ አይቀልጥም። ስለዚህ ሲዝኑ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው፣ ሶስት ወር ከምናምን። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

የድንበሩ ነገር ከባድ ታሪክ አለው። እነዚህን ሸለቆዎች ማን ይውሰድ የሚለው የባልካን ጦርነት ጊዜ በ1912 እና 1913 ትላልቆቹ መንግስታት ለንደን ተቀምጠው የወሰኑት ነው፣ መስመሩ ሲሰመር አንድ ቋንቋ የሚያወራ ዘመድ ለሁለት ለሶስት ተከፈለ። ዛሬ ሞንቴኔግሮ ውስጥ ያለችው ቩሳንዬ አልባንኛ የሚነገርባት መንደር ናት፣ ከሷ ተነስቶ በእግር ቴት የምትባለው የአልባኒያ መንደር ለመድረስ አንድ ቀን ይበቃል። ግን በአልባኒያው ኮሚኒስት መሪ በኤንቨር ሆጃ ዘመን ያችን የአንድ ቀን መንገድ መሄድ ክህደት ነበር፣ ለመሻገር የሞከረ ይተኮስበታል፣ ቤተሰቡም ይጋዛል። (አልባኒያ ሲባል የኛ ሀገር ፖለቲካ የሚከታተል ሰው ህወሓት ውስጥ የነበረው ፓርቲ ማሌሊት ያችን ሀገር እንደ ሞዴል ያይ የነበረበት ጊዜ ትዝ ሊለው ይችላል፣ እንግዲህ ሞዴሉ ይሄ ነበር።) ከቩሳንዬ ወደ ቴት ስትሻገር የፔያ በር የሚባለው ቦታ ላይ የዛን ዘመን የኮንክሪት ምሽጎች አሁንም ቁጭ ብለዋል፣ አፋቸውን ወደ ድንበሩ አዙረው፣ ሀይከሮች ዝናብ ሲይዛቸው ይጠለሉባቸዋል።

ከዛ 1998 እና 1999 የኮሶቮ ጦርነት መጣ። ከኮሶቮዋ ፔያ ከተማ የተባረረ ህዝብ በእነዚህ ተራሮች በኩል በእግሩ ወደ ሞንቴኔግሮ ሸሸ፣ የአልባኒያና የኮሶቮ ድንበር ላይ ፈንጂ ተቀበረ። አልባኒያ ከፈንጂ ነፃ ነኝ ብላ ያወጀችው በ2009 ነው፣ ኮሶቮ ነፃነቷን ያወጀችው በ2008፣ ሞንቴኔግሮ ከሰርቢያ የተለየችው በ2006። እና በ2012 ሶስቱም አንድ የእግር መንገድ ላይ ተስማሙ። የኮሶቮና የሞንቴኔግሮ የድንበር ማካለል ስምምነት እንኳ በ2015 ተፈርሞ ኮሶቮ ፓርላማ ውስጥ አስለቃሽ ጭስ ሲወረወርበት ከርሞ በ2018 ነው የፀደቀው። ድንበሩ የት እንደሆነ እየተጣሉ ሀይከሩ ላዩ ላይ ይሄዳል ማለት ነው፣ ለኔ ከሽልማቱ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እንዴት ሆነ ለሚለው፣ ሀሳቡ ከመሬት አልፈለቀም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሶስቱን ሀገር የሚያገናኝ የሰላም ፓርክ ይኑር የሚሉ ምሁራንና የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፣ የባልካን ሰላም ፓርክ ፕሮጀክት በሚል ተደራጅተው መንደሮቹ ውስጥ የክረምት ትምህርት ምናምን ይሰጡ ነበር። ፓርኩ እንደታሰበው አልሆነም፣ ግን ሰዎቹን አስተዋወቀ። ከዛ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂአይዜድ ገባ፣ ከጀርመን አልፓይን ክለብ ጋር ሆኖ የእረኞችና የኮንትሮባንድ የነበሩትን የድሮ መንገዶች አገጣጠመ፣ ነጭና ቀይ ቀለም ድንጋይ ላይ ተቀባ፣ ካርታ ታተመ፣ የአካባቢው ልጆች በጋይድነት ሰለጠኑ፣ ቤታቸው ትርፍ ክፍል ያላቸው ሰዎች ፍራሽ ገዝተው ሽንት ቤት አስተካክለው እንግዳ መቀበል ጀመሩ። ልብ በሉ፣ አዲስ መንገድ አልተቆፈረም፣ ሆቴልም አልተሰራም። ወጪው አብዛኛው ቀለም፣ ወረቀትና ስልጠና ነው።

እንግዳ መቀበሉ ደሞ ለነሱ አዲስ አልነበረም። እነዚህ ተራራዎች ካኑን የሚባል የቃል ህግ ነበራቸው፣ ደም መመለስን ከነዝርዝሩ የሚደነግግ፣ ቴት ውስጥ እስከዛሬ የሚታይ ደመኛ የሚሸሸግበት የድንጋይ ግንብ አለ፣ ጠባብ መስኮት ያለው። የዛው ህግ ሌላኛው ፊት ግን የአልባኒያዊ ቤት የእግዚአብሔርና የእንግዳ ነው ይላል። የእግዜር እንግዳ ብሎ የመሸበትን ለሚያሳድር ህዝብ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ችግሩ ቤቶቹ ባዶ እየሆኑ ነበር። ከ1991 በኋላ ድንበሩ ሲከፈት ወጣቱ ወደ ሽኮደር ከተማ፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ግሪክ ነጎደ፣ ቴት በበረዶው ወራት ጥቂት ቤተሰብ ብቻ የሚቀርባት መንደር ሆነች። እንግዲህ እንግዳ ከፋይ ሲሆን አንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ለሲዝኑ ተመለሰ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። መንገዱ ላይ ኬላ ስለሌለ የድንበር ፖሊስ ስምህን ቀድሞ ማወቅ አለበት፣ ስለዚህ ከመሄድህ በፊት የፓስፖርትህን መረጃ፣ የትኛው ቀን በየትኛው በኩል እንደምትሻገር ጽፈህ የመሻገሪያ ፍቃድ ትጠይቃለህ፣ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ቀድሞ ማስገባት ይመከራል፣ አብዛኛው ሰው በአካባቢው ኤጀንሲ በኩል ትንሽ ከፍሎ ነው የሚያስጨርሰው። ብዙ ሀይከር ያማርራል። "ማንም አያይህም ዝም ብለህ ሂድ" የሚል ምክርም አለ፣ ብዙ ጊዜ እውነትም ማንም አያይህም፣ ግን ነገሩ የሚመጣው ኋላ ነው፣ አልባኒያ ቲራና ላይ ገብተህ ኮሶቮ ፕሪሽቲና ላይ ስትወጣ እንዴት ገባህ ትባላለህ። ከዚህ ሌላ ደሞ ሰርቢያ የኮሶቮን ድንበር እንደ ሀገር ድንበር ስለማትቆጥረው ከአልባኒያ ኮሶቮ ገብቶ ከዛ ቀጥታ ወደ ሰርቢያ ልሂድ የሚል ሰው ሊመለስ ይችላል።

ግን ፍቃዱ ማንም ያላቀደው አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል፣ እሱም ጉዞውን የአካባቢው ሰው እጅ ላይ ማቆየት። ከለንደን ወይ ከበርሊን ሆኖ ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት ሶስት ሀገር ፖሊስ ጋር የሚመላለስ ሰው የለውም፣ ስለዚህ ፔያ ወይ ሽኮደር ወይ ሞንቴኔግሮ ውስጥ ፕላቭ ያለች ትንሽ ኤጀንሲ ጋር መስራት ግድ ይለዋል። እነዛ ኤጀንሲዎች ደሞ ብቻቸውን አይችሉም፣ የኮሶቮው ቡድን አልባኒያ ውስጥ ሲያድር የአልባኒያው ሰው ቤት ነው፣ በቅሎው የአልባኒያ ነው፣ ሞንቴኔግሮ ሲገባ መኪናው የሞንቴኔግሮ ነው። ስልክ ይደዋወላሉ፣ ሂሳብ ያወራርዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ህዝብ ለህዝብ የሚባለው ነገር በተግባር ይሄ ነው፣ ማን ለማን ስንት አልጋ አለበት የሚለው ሂሳብ። ፍቃዱ ይነሳ የሚሉ አሉ፣ ቀለል ይበል ብል እስማማለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ይነሳ ቢባል ግን ትልልቆቹ በአንድ ሲዝን ጠቅልለው ይወስዱታል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው አልጋው። ዶበርዶል የምትባል ቦታ አለች፣ አልባኒያ ጥግ ላይ፣ ሶስቱ ሀገር የሚገናኙበት ጫፍ ከበላይዋ ነው። መንደር እንኳ አይደለችም፣ እረኞች ከሰኔ እስከ መስከረም ከብትና በግ ይዘው የሚወጡባት መስክ ናት፣ የእንጨትና የድንጋይ ጎጆዎች አሏት፣ መብራት ብትል ሶላር፣ ኔትወርክ ብትል ወይ አለ ወይ የለም። የመንገዱ ዙሪያ በሷ በኩል ካላለፈ አይገጥምም፣ ቫልቦና ከሚባለው የአልባኒያ ሸለቆ ወገን በቸረም መንደር በኩል ትመጣለህ፣ እሷ ጋር ታድራለህ፣ በማግስቱ ኮሶቮ ትገባለህ። ስለዚህ የቡድኑን ብዛት የሚወስነው ብሮሹር አይደለም፣ ዶበርዶል ላይ ያለው ፍራሽ ነው። ኤጀንሲዎቹ ከ6 እስከ 12 ሰው የሚሉት ለጨዋነት ብቻ አይደለም፣ 30 ሰው ይዞ የመጣ ቡድን ሌላውን ሀይከር ሁሉ ሜዳ ላይ ነው የሚያሳድረው፣ ሽንት ቤቱንም በአንድ ምሽት ይሞላዋል፣ ሴትየዋም እራት ማብሰል አትችልም።

ስለ ሴትየዋ ካነሳን አይቀር፣ እራቱ አንዳንዴ ፍሊያ ነው፣ ስስ ሊጥ እያፈሰሱ ከላይ በፍም የጋለ ብረት ክዳን እየደፉ ንብርብር በንብርብር የሚጋገር፣ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ሲደረግለት እንደሚሆነው፣ ልዩነቱ ይሄኛው እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው ስለሚበስል ሰዓታት ይፈጃል። አይብ፣ እርጎ፣ የተራራ ሻይ፣ ከጫካ የተለቀመ ብሉቤሪ ጭማቂ። ሁሉም ከዛው ነው፣ ከከተማ የተጫነ ነገር ጥቂት ነው። ለማደሪያ፣ ለእራትና ቁርስ እንደ ቦታው ከ30 እስከ 50 ዩሮ አካባቢ ትከፍላለህ፣ በካሽ፣ እዛው፣ ለቤቱ ሰው። ደላላ የለም ማለት ይቻላል። ግን ስራው የሚወድቀው ሴቶቹ ላይ ነው፣ ማለዳ ወተት ማለብ፣ ቀን ከብት፣ ማታ ለ12 እንግዳ እራት፣ በማግስቱ አንሶላ በእጅ ማጠብ። "ሴቶችን አበቃ" የሚል ሪፖርት ሳነብ እጠረጥራለሁ፣ ገቢ አመጣላቸው እሺ፣ ስራም ጨመረባቸው፣ ሁለቱም አብሮ ይጻፍ።

ሻንጣውም ወሬ ነው። ከቫልቦና ወደ ቴት በእግር አንድ ቀን ነው፣ 1,800 ሜትር አካባቢ ያለውን በር አቋርጠህ። በመኪና ግን ተራራውን ዞሮ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ነው፣ በአንደኛው መንገድ ኮማን ሀይቅ ላይ በጀልባ መሻገርም አለበት። ስለዚህ ሻንጣው በበቅሎና በፈረስ ይሄዳል፣ ባለበቅሎው የዛው ሰው ነው። ማንም "ካርበን እንቀንስ" ብሎ አልወሰነውም፣ መልክአ ምድሩ ወሰነው።

አሁን የተበላሸውን።

ቴት። ድሮ ከሽኮደር ቴት ለመድረስ ወገብ የሚያጥፍ የጠጠር መንገድ ነበር፣ አሁን አስፋልት ገብቷል፣ ገባ ማለት ደሞ ሰው በራሱ መኪና ለምሳ ደርሶ ይመለሳል። የመንደሩ ሰው አስፋልቱን ለዓመታት ሲለምን ነበር፣ ወላድ በበረዶ ሆስፒታል የምትደርስበትን መንገድ ለእኛ ውበት ብላችሁ አትስሩት የሚል ቱሪስት ካለ እፍረት የለውም። ግን አስፋልቱን ተከትሎ ያለ ፕላን ግንባታው መጣ፣ በድንጋይ ቤቶቹ መሀል ባለ ብዙ ክፍል ማረፊያ፣ ከፓርክ መሬት ላይ የተቆረሰ ቦታ፣ መንግስት በቅርብ ዓመታት ያለ ፍቃድ የተሰሩትን እስከ ማፍረስ ደርሷል። ቴት ከ1966 ጀምሮ ብሄራዊ ፓርክ ነው፣ በ2022 ከቫልቦና ጋር ተጠቃሎ የአልባኒያ አልፕስ ፓርክ ተባለ፣ ካርታው ሰፋ፣ ጥበቃው አብሮ ሰፋ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቴት ላይ የአልጋ ገደብ የሚባል ነገር አለቀ ማለት ነው፣ አልጋ ሲያልቅ ይጨመራል።

ቫልቦና ላይ ደሞ ወንዙ። ፓርኩ ውስጥ ትናንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች እንዲሰሩ ፍቃድ ተሰጠ፣ ነዋሪዎች ሰልፍ ወጡ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ የተወሰነው ግን ተሰርቶ ስራ ጀምሯል። አንዱ የመንግስት ክንፍ ንፁህ ወንዝ ብሎ ፎቶውን ለቱሪስት ይሸጣል፣ ሌላው ወንዙን ቱቦ ውስጥ ይከተዋል። ሀይከሩ ይሄን አያየውም፣ እሱ ቀን ቆጥሮ ነው የሚያልፈው።

ሌላው ገንዘቡ እኩል አይወርድም። ከ192ቱ ኪሎ ሜትር በጣም የሚበዛበት ከቫልቦና ቴት ያለው አንድ ቀን ነው፣ ብዙ ሰው እሱን ብቻ ሄዶ "ሰራሁት" ይላል። የኮሶቮው ሩጎቫ ሸለቆ፣ ከፕላቭ ሽቅብ ያሉት የሞንቴኔግሮ የግጦሽ ቦታዎች ሙሉውን ዙር የሚሄደው ሰው ብቻ ነው የሚደርሳቸው፣ እሱም በሶስት ወር ሲዝን ውስጥ። አንድ የሞንቴኔግሮዋ ባቢኖ ፖልዬ መንደር ቤተሰብ የዓመት ገቢዬን ከዚህ አገኛለሁ ብሎ ከብቱን ቢሸጥ ያብዳል፣ ዝናብ የበዛበት አንድ ነሀሴ ያከስረዋል። እስካሁን ብዙዎቹ ከብቱን አልሸጡም፣ ቱሪስቱ ተጨማሪ ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል መስኩም እስካሁን መስክ የሆነው። ቀለሙን ማን ያድሳል፣ የወደቀ ዛፍ ማን ያነሳል የሚለው ደሞ ፈረንጅ ለጋሽ ያስጀመረው ፕሮጀክት ሁሉ በሽታ ነው፣ ሶስት ሀገር ሲሆን ደሞ ሶስቱም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ።

ወደ እኛ እንምጣ ትንሽ። ላሊበላ አካባቢ መቄት ላይ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የማህበረሰብ ጉዞ ከዚህ ቀድሞ በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ሰርቶ ነበር፣ ጎጆዎቹ የገበሬው ማህበር፣ አልጋው ጥቂት፣ ጭነቱ በአህያ፣ ገንዘቡ በጋራ ሂሳብ። እንደውም በአንድ ነገር ከባልካኑ ይሻላል እላለሁ፣ ባልካን ላይ ቤት ያለው ነው የሚያተርፈው፣ መቄት ላይ ማህበሩ ነበር የተባለው። ጦርነቱ ምን እንዳደረገው የምታውቁት ነው። የአዲስ አበባ የቅዳሜ እሁድ ሀይኪንግ አዘጋጆች ግን ከሁለቱም አልተማራችሁም፣ ሁለት አውቶብስ ሰው ወንጪ ወስዶ፣ ምሳ ከከተማ ጭኖ፣ የፈረስ ዋጋ ላይ ከባለ ፈረሱ ጋር ተጨቃጭቆ፣ የውሃ ፕላስቲክ ትቶ መመለስ ቦታውን አልጠቀመም። ምሳውን እዛው አብስሉልን ብትሏቸው በቃ ግማሹ ችግር አለቀ፣ ያኔ ስንት ሰው መውሰድ እንዳለባችሁም ድስቱ ይነግራችኋል።

አውሮፓ ያላችሁና ልሂድ የምትሉ፣ ጉዞ ከሚሸጠው ድርጅት ዝም ብላችሁ "ኢኮ" የሚለውን ቃል አትግዙ። ጋይዱ የየት ሀገር ሰው ነው፣ ዶበርዶል ላይ የማንን ቤት ይዛችኋል፣ ለቤቱ ማን ነው የሚከፍለው፣ ቡድኑ ስንት ሲሆን ትሰርዛላችሁ ስንት ሲሞላ ታቆማላችሁ፣ ፍቃዱን ማን ያስጨርሳል ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚንተባተብ ካለ ተዉት። ካሽ ያዙ፣ ኮሶቮና ሞንቴኔግሮ የአውሮፓ ህብረት ውስጥ ባይሆኑም ዩሮ ነው የሚጠቀሙት፣ አልባኒያ የራሷ ሌክ አላት ግን ተራራው ላይ ዩሮ ይቀበላሉ። የእረኛ ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ቁሙና እረኛውን ጥሩ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደሞ ሌላ ስራ አለባችሁ፣ ሶስቱም ሀገር ሼንገን ውስጥ አይደሉም፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ ያለው የሼንገን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ለያዘ ሰው የሚያስገቡበት አሰራር አላቸው ግን ዝርዝሩ የየራሳቸው ነው፣ የሚቀያየርም ነው። የጀርመኑ ጓደኛችሁ አንድ ፎርም ሞልቶ ሲጨርስ እናንተ ሶስት ኤምባሲ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ የመሻገሪያ ፍቃዱ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ለሀምሌ ጉዞ በመጋቢት ጀምሩ።